በቤት ያለነውም፣ በመንገድ ያለውም

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ወጣሁ ማለቴ ለክብሬ ነው እንጂ ያስወጣኝ ምላሴ ነው። የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን ሰውዬ «ጭቆና ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እጄን አውጥቼ «አሁን የተቀመጥንበት አግዳሚ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ዳንግላ ገበያ ዳር የጋሪ ጎማ እየለጠፍኩ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ይኼን የምጽፈው ጸሐፊ ነኝ ብዬ አይደለም። በሕይወቴ አንዴ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍ ተባልኩ። ለብቻዬ አልቻልኳትም። የረዱኝን ሰዎች ደግሞ ያኔ ንዴት ላይ ስለነበርኩ በወጉ አላመሰገንኳቸውም። አሁን ላመስግን ብዬ ነው።

ነገሩ የእህቴ ሠርግ ነው። እህቴ በኔና በታላቅ ወንድማችን መሀል ናት። የሚያገባት ልጅ ኮሶበር ጤና ረዳት ነበር፤ ኮሶበር የምላችሁ እንጅባራን ነው፣ ያኔ እንደዚያ ነበር የምንላት። የሱ ወገኖች ባሕር ዳር ድረስ ሰው ልከው የጥሪ ካርድ አሳተሙ። ጠርዙ ወርቅማ፣ ላዩ ላይ ሁለት ቀለበት። አንዱን ለኛ ላኩልን። እህቴ ካርዱን አገላብጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«የሱ ዘመዶች በወርቅ ካርድ ሲጠሩ የኔ ዘመዶች በአፍ ሊጠሩ ነው? ምን ልባል ነው?»

እናቴ ለካርድ ግድ የላትም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። ግን አንድ ነገር አለች። «ካርድ ከሆነም ካርድ ይሁን። ከጠሪዎቹ ውስጥ ግን ልጄ ይግባ።»

ልጄ ያለችው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ የቤቱ አባወራ እሱ ነበር። ጎማ መለጠፍም ያስተማረኝ እሱ ነው። በገበያ ቀን ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ አፈሳ ነበር፣ ወሰዱት። ከጦር ማሠልጠኛው «ደህና ነኝ» የሚል ቃል በሰው አፍ መጣ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተሻገሩ አሉ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለን የለም።

እንግዲህ የሠርግ ጥሪ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ማለት በሠርጉ ቀን በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው ማለት ነው። ጭቅጭቁ ከዚህ ተነሣ።

«እማ፣ ስሙ ከገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ‹የት አለ?› ይላል» አለች እህቴ። «አንቺ ደግሞ ታለቅሻለሽ። አንቺ ካለቀስሽ እኔ ሙሽራ ነኝ ወይስ አልቃሽ?»

«ካልገባስ? በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡልሻል። ‹እናቱም ቆርጣለች› ብለው ለቅሶ ሊደርሱኝ!»

«እንዲያ አይሉም።»

«ይላሉ። ስሙ ካልገባ እኔም አልጠራም። ራስሽ ጥሪ፣ ራስሽ ተዳሪ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክፋቱ እሱ ነው። ተነታርከው ተነታርከው ሲደክማቸው ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። «አንተ ተምረሃል፤ ጻፍ» አሉኝ። በችግር ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ዩኒቨርሲቲ ይሆናል።

ጻፍኩ። ግን በንዴት ነው የጻፍኩት። «እናቷ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ እንዲሁም ከገበያ መሀል እንደ በግ ተጎትቶ የተወሰደው ታላቅ ወንድሟ ጠርተንዎታል» ብዬ ጻፍኩና ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ለኛ ዓይነት ሰው ታይፕ መቺና ማባዣ ያለው ቀበሌ ብቻ ነበር። እዚያ ማንኛውም ወረቀት ከመባዛቱ በፊት ሊቀመንበሩ ያየዋል። እኔም ይየው ብዬ ነበር። ይየውና ምን ያመጣል ብዬ።

ታይፕ መቺዋ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴትዮ ናት። ጴንጤ ናት ይሏታል፤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ነበር። ወረቀቴን አነበበች። ወደ ሊቀመንበሩ በር አየች። ከዚያ ምንም ሳትል አራት አጥፋ አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጫማዬ ሰፍቶኝ ነው» አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ «አንተ ልጅ፣ አንዱን ልጅ ወስደውባታል። ሁለተኛውን አንተ በእጅህ ልትሰጣቸው ነው? ሌላ ጻፍ። ቶሎ በል።»

እኔ ደግሞ ማመስገን ሲገባኝ «ወረቀቴን ይመልሱ!» ብዬ መጮህ ልጀምር ስል በሩ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ወጣ። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ድሮ ገበያ ላይ ጨው ይሸጥ ነበር። ጨው ሲሸጥ ደግ ሰው ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። የወንድሜን ስም ከተወሰዱት ጋር አድርጎ የፈረመው ግን እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«የሠርግ ጥሪ ነው?» አለ። «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ምን ይላል?»

እናቴ ያለችውን ነገርኩት። «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ ይጀምራል ስለው እጁን አወናጨፈ። «እሱ ይውጣ። ማባዣው የሕዝብ ነው።» ስለ ወንድሜ ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «ወንድምህማ ይግባ እንጂ! ‹የእናት አገርን ጥሪ ተቀብሎ በጀግንነት የዘመተው› ብለህ አስገባው። ያምራል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜ የተቀበለው ጥሪ የለም። ካላማዳሪ ሊገዛ ነው የወ…»

ታይፕ መቺዋ ታይፑን እንደ ከበሮ ደበደበችው። ወረቀት እንኳ አልገባበትም ነበር፣ ባዶውን ነው የምትመታው።

«ምን አለ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«‹አስብበታለሁ› ነው ያለው፣ ጓድ» አለች።

እንዲህ ሆኖ የወንድሜ ነገር ሳይቆረጥ አደረ። የእናቴ አገር ሰዎች ጥሪ ግን አያድርም። እናቴ የዘንገና ልጅ ናት፤ ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ እዚያው ሐይቁ አጠገብ ያርሳሉ። ለዳስ የሚሆን ቀርከሃ የሚያመጡት እነሱ ስለሆኑ ቀድመው መጠራት አለባቸው። ታይፕ መቺዋ ለነሱ የሚበቃ ጥቂት ወረቀት በካርቦን መታችልኝ፤ የእናቴ ስም፣ ቀኑና ቦታው ብቻ። ሊቀመንበሩ ሁሉም ላይ ማኅተም አሳረፈበት። ለሠርግ ማኅተም ምን ያደርጋል ስለው «ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም» አለኝ። ሐምራዊ፣ ድብልብል ያለ ማኅተም።

የወንድሜን ካኪ ጃኬት ለበስኩ፤ ዘንገና ይበርዳል። በአውቶቡስ ኮሶበር ደርሼ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። መንደሩ መግቢያ ላይ ያለው ቤት አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። በከተማ ደንብ እጅ ነሥቼ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሽማግሌው ጽሕፈቱን አላዩትም። ማኅተሙን አዩ፣ ጃኬቴን አዩ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እኔ ወንድ ልጅ የለኝም።»

«ሠርግ ነው እኮ፣ አያ።»

«የለኝም አልኩህ። ያሉኝ ሴቶች ናቸው። እነሱም ተድረዋል።»

ቀጥሎ ያለው ቤት በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ከኋላው ግን ኮቴ ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ ጎረምሶች ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ቀርከሃው ውስጥ ሲገቡ ጀርባቸውን አየሁ። ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ጉብታ በአገውኛ ተጠራሩ። የኔ አገውኛ የከተማ አገውኛ ነው፣ እናቴ ስትቆጣኝ የምትለውን ብቻ ነው የማውቀው። ከጩኸቱ ውስጥ የገባኝ «ቀበሌ» የሚለው ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ መንደሩ ላይ የቀረነው እኔ፣ ሽማግሌዎችና ዶሮዎች ነን። ለእህቴ ሠርግ አገር አሰደድኩ!

አጎቴ በፈረስ መጡ። እየጋለቡ ነው የመጡት፣ ዱላ ይዘው። አጠገቤ ሲደርሱ ልጓሙን ሳብ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«‹መልማይ መጣ› ብለውኝ እኮ ነው!» አሉና ከፈረሱ ሳይወርዱ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ የፈረሱ አንገት ላይ ተደፉ። «ካኪ ለብሰህ፣ የታተመ ወረቀት ይዘህ፣ ደጅ ላይ እንደ ግንድ ዝም ብለህ ቆመህ! ሠርግ የምትጠራ ነህ ወይስ ጦር የምትመለምል?»

«ካርድ እኮ ነው፤ በከተማ…»

«የከተማውን ተወው። እዚህ አገር ወረቀት ሰው ይወስዳል እንጂ ሰው አያመጣም። አውልቅ ይኼን።»

ጃኬቱን አወለቅኩ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አንሥተው አለበሱኝ፤ ራሳቸው በሸሚዝ ቀሩ፣ በዚያ ብርድ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደዚያው ወደ መጀመሪያው ቤት መለሱኝ።

እዚያ አገር ሠርግ ሲጠራ ደንብ አለው። ጠሪው ከአጥሩ በር አያልፍም። ግባ ቢሉት አይገባም፣ ጠላ ቢያወጡለት አይቀምስም፣ የቤቱ ሰው መልስ እስኪሰጠው ድረስ ቆሞ ነው። አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአገውኛ ጠሩ። ሽማግሌው ብድግ ብለው መለሱላቸው። አባባሉ ዜማ አለው፤ እኔ ግን ትርጉሙ አልገባኝም።

«ምን አሏቸው፣ አያ?»

«‹በቤት ያለነውም ጠርተናችኋል፤ በመንገድ ያለውም ጠርቷችኋል።› እሳቸው ደግሞ ‹በቤት ላላችሁትም እንመጣለን፤ በመንገድ ላለውም እንመጣለን› አሉ። አለቀ፣ ተጠሩ።»

«በመንገድ ያለው ማነው?»

አጎቴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጄ ላይ ያለውን ጃኬት አዩት። የማን እንደሆነ ያውቁታል።

«ከየቤቱ መንገድ ላይ ሰው አይጠፋም» አሉ። «አንዱ ለሥራ ጫግኒ ይወርዳል። አንዱ ፈረስ ሊሸጥ ይሄዳል። አንዱን ደግሞ ይወስዱታል። አልተመለሰም ተብሎ ከጠሪ አይወጣም። የት ነው፣ መቼ ይመጣል ተብሎም በድግስ ቀን አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ከጠራ ጠራ ነው። በቃ።»

ጃኬቱን አጣጥፌ ብብቴ ሥር ያዝኩት።

በዚህ መሀል ከቀርከሃው ውስጥ ጎረምሶች አንድ በአንድ፣ ቅጠል ከራሳቸው ላይ እያራገፉ መጡ፤ ሽማግሌው ደጅ ላይም ተሰለፉ። ሁሉም አፍንጫቸው የሽማግሌው አፍንጫ ነው።

«አያ፣ ወንድ ልጅ የለኝም ብለውኝ አልነበር?»

«አሁን ወለድኩ» አሉ፣ ፍንክች ሳይሉ።

የሚቀጥለው ቤት ላይ አጎቴ ወደ ኋላ ቀሩና «አንተ ጥራ» አሉኝ። በተሰበረ አገውኛዬ ጀመርኩ። ልጆች ሳቁብኝ። «በቤት ያለነውም» የሚለውን ተወጣሁት። «በመንገድ ያለውም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን አቋረጥኩ። ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ስሙን ባነሣሁ ቁጥር የምራገም ሰው ነኝ፤ አንድን ሰው ሳልሰድብ ስለሱ ተናግሬ አላውቅም ነበር። አጎቴ ከኋላዬ አልጎተጎቱኝም፣ አልረዱኝም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ቤት ውስጥ ያለችውም ሴትዮ በር ላይ ወጥታ ጠበቀችኝ። እንደምንም አልኩት። ሴትዮዋ ፈጠን ብላ፣ ምንም ጉድ እንዳልሰማ ሰው፣ «በመንገድ ላለውም እንመጣለን» አለች። ስለ ወንድሜ እንደዚያ ያለ መልስ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ወይ «አይዞህ» ይሉኛል፣ ወይ ከንፈር ይመጥጡልኛል። እሷ እንመጣለን አለች።

ዳንግላ ስመለስ እናቴ ጌሾ እያሰጣች ነበር። የሆነውን ነገርኳት። ጎረምሶቹ ቀርከሃ ውስጥ መግባታቸውን ስነግራት ሳቀች። የአጎቴን ጥሪ በአገውኛ ስልላት ግን እጇ ጌሾው ላይ ቆመ።

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚጠራ» አለች። «ወይ እኔ! ከተማ ገብቼ ረሳሁት እኮ።»

ከዚያ ራሷ አለችው፤ ከኔ አሳምራ፣ ከነዜማው። ደጋግማ አለችው።

እህቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ብቅ አለችና፣ «በር ላይ ‹የት አለ?› አይሉም?» አለች።

«አይሉም» አለች እናቴ። «ነውር ነው።»

«ለቅሶስ አይመጡም?»

«በመንገድ ነው ብዬ ጠርቼ ማን ነው የሚያለቅስልኝ?»

እህቴ አሰብ አደረገች። «እንግዲያው ይግባ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «አንተ ደግሞ አሳምረህ ጻፍ፣ የጎማ ጽሕፈትህን እንዳታመጣብኝ!»

ጻፍኩ፦ «በቤት ያለነው እናቷና ታናሽ ወንድሟ፣ በመንገድ ያለው ታላቅ ወንድሟም፣ ለሠርጓ ጠርተንዎታል።» ይኼው ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተጣራ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ እሱም የኔ አይደለም።

ታይፕ መቺዋ አነበበችው፤ ይኼኛው ጫማ ውስጥ አልገባም። የማባዣው ስቴንስል ላይ መታችው። ሊቀመንበሩ አነበበና ግንባሩን ቋጠረ።

«‹በመንገድ› ምንድን ነው? ዘማች ነው እንጂ!»

እኔ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ዘማች በመንገድ ካልሆነ የት ይሆናል፣ ጓድ ሊቀመንበር? የት እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ እኛ ጋ መጥቷል እንዴ?»

በዚያች በማይሰማ ድምፅዋ ነው ያለችው፣ ዓይኗን ከታይፑ ሳታነሣ። ሊቀመንበሩ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ወረቀቱን አየ። ማኅተሙን አነሣ።

«እሱን ይተዉት፣ ጓድ» አልኩት። «ማኅተም ያለበት ከሆነ እንግዶቼ ይሸሻሉ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀመንበሩን አሳቅኩት። ሳይመታበት መለሰልን።

ካርዱ ተባዝቶ ሲወጣ ላዩ ላይ አንድ መስመር የሚያህል ባዶ ነበረው። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «ለጌጥ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤት ወስዳችሁ በእስክርቢቶ ሙሉት። የማይጻፈው ነገር የት እንደሚጻፍ፣ ጸሎት ቤታችን የታሸገብን ሰዎች እናውቃለን።» እህቴ ጽሕፈቷ ያምራል፤ እያንዳንዱ ላይ «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ብላ በቀይ ጻፈችበት። ከወርቁ ካርድ አላነሰም። እንዲያውም እሱ ቀይ አልነበረውም።

የሠርጉ ቀን የአጎቴ አገር ሰዎች ባመጡት ቀርከሃ የተሠራው ዳስ ጢም ብሎ ሞላ። አጎቴ በር ላይ ቆመዋል፣ እናቴ አጠገባቸው፣ እኔ ከኋላ። የዘንገና ሰዎች ሲደርሱ አንድ ሆነው «በቤት ላላችሁትም መጣን፤ በመንገድ ላለውም መጣን!» አሉ። እናቴ «ግቡ፣ ግቡልኝ» አለች። የከተማው ሰው ይኼን ሰማና እሱም እንደዚያው እያለ መግባት ጀመረ። ባለጋሪዎቹ፣ የወንድሜ ጓደኞች፣ እየተሳሳቁ «በመንገድ ላለውም መጣን፣ እኛም የመንገድ ነን!» ሲሉ እናቴ ጮክ ብላ ሳቀች። ከአፈሳው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ‹የት አለ› ያለ አንድ ሰው የለም።

ከዚያ ሊቀመንበሩ መጣ፣ ካርዱን ይዞ።

እኔ ለሱ ያዘጋጀኋት አንዲት ስድብ ነበረችኝ። ጎማ ስለጥፍ፣ ስተኛ፣ ስነሣ ሳሰላት የኖርኩት። አጎቴን ገፋ አድርጌ ወደ በሩ ወጣሁ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። አጎቴ ደግሞ ሰውየውን አያውቁትም፤ እንደማንኛውም እንግዳ ዱላቸውን በሩ ላይ አጋደሙበት።

«ለጥሪው መልስ ሳይሰጡ አይገባም፣ ወንድሜ።»

ሊቀመንበሩ ቆመ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ዞሮ ያየዋል። «በቤት ላላችሁት መጣሁ» አለ። አጎቴ ዱላውን አላነሡም። ሊቀመንበሩ ካርዱን አየው፣ የሚቀረው እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእናቴ ብቻ እንደሚናገር፣ «በመንገድ… ላለውም መጣሁ» አለ።

እናቴ አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው።

«ግባ» አለችው። «ተጠርተሃል።»

ያቺን ያዘጋጀኋትን ስድብ አልተናገርኳትም። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ አልዋሽም፤ ዛሬም አልወጣልኝም። ግን ያን ቀን ከኔ ስድብ የበለጠ ነገር ከራሱ አፍ ሰማሁ። ያንን ያስባለው የአጎቴ ደንብና የታይፕ መቺዋ ጣት ነው።

በማግስቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣ ሰው አልነበረም። ታይፕ መቺዋ የምትሳፈርበት ጋሪ ጎማው ተበሳ በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚለጠፈው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ባለጋሪው አያውቅም። ያጎቴን ጋቢ አልመለስኩም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ወንድሜ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ለክርስትናም፣ ለሰንበቴም፣ ሰው ልጠራ ጋቢዬን ደርቤ በወጣሁ ቁጥር እናቴ ከጓዳ ድምፅዋን ታሰማኛለች።

«በሁለታችሁም ስም ጥራ! እንዳትረሳ!»

«አልረሳም፣ እማ» እላታለሁ። ሌላ ነገር አልጨምርም።